ስሙን የተሸከመው ቡችላ

ባለፈው ክረምት አንዲት ጎረቤቴን አራስ ልጠይቅ ሄድሁ። ገንፎው ቀረበ፣ ሕፃኑን አቀፍሁ፣ "ሸጋ ነው፣ ማርያም ታሳድግልሽ" አልሁ፤ እስከዚህ ድረስ እንደ ሰው ነበርሁ። ከዚያ ዝናብ የደበደበው የቤቱ ውሻ በሩን ገፍቶ ገባና እግሬ ሥር ተራገፈ። የጤና አዳሙ፣ የቅቤውና የእርጥቡ ውሻ ሽታ ባንድ ላይ አፍንጫዬን ሲመታው ሕፃኑን ደረቴ ላይ ለጥፌ ወደ ላይ አንጋጠጥሁ። ላዬ ላይ ያለው ቆርቆሮ ነው።

"ምነው፣ ደነገጥሽ?" አለችኝ አራሷ።

"አይ፣ ውሻው ነው" አልኋት። ውሸትም አልነበረም።

ያ ሽታ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ቤታችን ውስጥ አርባ ቀን የከረመ ሽታ ነው። ጣልያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ቤታችን ከድብ ባሕር መንደር በላይ ነበር፤ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ገደሉ አፋፍ በሚያወጣው አቀበት ላይ። ከደጃችን ሆነው ወደ ታች ሲያዩ አንዳንድ ቀን ወደ ደባርቅ የሚሄድ ማኪና እያቃሰተ ሲወጣ ይታያል። ከጓሯችን በኩል ግን አገር ያልቅና ሰማይ ይጀምራል። እኔ ወደ ጓሮ መሄድ አልወድም ነበር። ገደሉን ፈርቼ አይደለም፤ እዚያ ሦስት ጠፍጣፋ ድንጋዮች ስላሉ ነው።

ከድንጋዮቹ ሥር ያሉት ከእኔ በኋላ የተወለዱት ናቸው፤ ሁለት ወንድና አንዲት ሴት። ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሣው፤ ሦስቱም ያን አልደረሱም። ማታ ጡት ጠብተው ተኝተው ለቄስ ጊዜ ሳይሰጡ ነው የሄዱት። ስለዚህ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውስጥ አልተቀበሩም። ሰው ሁሉ ስለ እነሱ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ሾተላይ ወሰዳቸው" ይላል። የሾተላይ ነገር የደም ጉዳይ ነው ብለው ሐኪሞች ያስረዱኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ ግን "ወሰደ" የተባለ ነገር መውሰጃ ሊኖረው ይገባል ብዬ አሰብሁ። እጅ ወይም ጥፍር።

አንድ ቀን የአባቴን አክስት እማሆይ አመተን ጠየቅኋቸው። እማሆይ ቆብ የጫኑ መነኩሲት ናቸው፤ የሰፈሩን ሴት ሁሉ የሚያዋልዱም እሳቸው ናቸው። ስለ ሰማይ ቤትም ስለ አራስ ቤትም እኩል ያውቃሉ ይባል ነበር።

"እማሆይ፣ ሾተላይ ምን ይመስላል?"

"አይታይም ልጄ። ሲመጣም ሲሄድም አይታይ። ጥላው ነው የሚያልፍ።"

"ክንፍ አለው?"

ጥጥ እየፈተሉ ነበር። እንዝርቱን አቆሙና አተኩረው አዩኝ። "ምነው ስንዱ፣ ምን አየሽ?"

"ምንም" አልሁ። አይቼ ነበር።

ያየሁት በአጨዳ ሰሞን ነው። ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ውሻችን ቦቄ ከጎተራው ሥር ሦስት ቡችሎች ወልዳ፣ ቡችሎቹ ገና ከጉድጓዳቸው ወጥተው መንደፋደፍ በጀመሩበት ሳምንት። ቀትር ነበር፤ ነፋስ የለም፣ ዶሮዎቹ እንኳ ዝም ብለዋል። መጀመሪያ ጥላ መጣ። በገብሱ ነዶ ላይ፣ በግቢው ድንጋይ ላይ፣ በእኔ እጅ ላይ አለፈ፤ ያለፈበት እጄን በረደኝ። ከዚያ ነጠላ ሲያራግፉ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል ከሦስቱ ቡችሎች ሁለት ቀርተዋል። ሦስተኛው ከሰማይ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸ። ከላይ የሚመጣ የውሻ ጩኸት ሰምታችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም።

ማታ ይህን ስነግራቸው ጎረቤታችን አያ ተገኘ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "እንግዲህ ሰው ላም አለኝ በሰማይ ሲል አንቺ ደግሞ ውሻ አለኝ በሰማይ ልትይ ነዋ!" ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን ሰማይ ላይ ያሉንን መቁጠር ጀመርሁ። አንድ ውሻ፣ አንዲት እኅት፣ ሁለት ወንድሞች።

አባቴ አልሳቀም። አባቴን እንዳገራችን ልማድ አያ ነበር የምለው። "ውሻ የሌለው ቤት በር እንደሌለው ነው" አለኝ። "ቦቄ አርጅታለች። ነገ ጅቡን የሚመልስልኝ ልጇ ነው። ኸዛሬ ጀምሮ የቡችሎቹ ጠባቂ አንቺ ነሽ።"

አጠባበቁንም አስተማረኝ። ከጎተራው እስከ አጥሩ ገመድ ወጥሮ ነፋስ የሚያወዛውዘው እራፊ ጨርቅ አንጠለጠለበት። በግ ሲታረድ የሆድ ዕቃውን ከግቢ ውጭ እንድጥል፣ ቡችሎቹ በቀትር ከጣራው ክፈፍ እንዳይወጡ፣ ውኃ ልቀዳ ስሄድ ትልቁን እንቅብ ደፍቼባቸው ድንጋይ እንድጭንበት አዘዘኝ። ትልቁ ምክሩ ግን ይህ ነበር፦ "ሰማዩን አትዪ። ሰማይ ስታዪ ፀሐይ ዓይንሽን ይወስደውና ወፉ ይቀድምሻል። መሬቱን እዪ፤ ጥላው ቀድሞ ይመጣል። ጥላውን ስታዪ ይኸን ባዶ ቆርቆሮ ደብድቢና ጩኺ።"

እማሆይም ጥላ አሉ፤ አያም ጥላ አለ። ሁለት ሰው የመሰከረበት ነገር ለእኔ አበቃለት። ሾተላይ ማለት ያ ወፍ ነው።

ወፉን ደግሞ በደንብ አወቅሁት። ከአጥራችን ጥግ ካለው የኮሶ ዛፍ ላይ ይመጣና ይቀመጣል። ጥቁር ነው፤ ጀርባው ላይ ነጭ አለው፤ እግሩ እስከ ጣቱ ድረስ ላባ ስለለበሰ ሱሪ የታጠቀ ሰው ይመስላል። አያ "ንስር ነው" ይላል። ጠዋት ጠዋት ከገደሉ በኩል ቋ! የሚል ድምፅ እንሰማ ነበር፤ አጥንት ከላይ ወደ ዓለቱ እየጣለ የሚሰብር ሌላ አሞራ ነው ይሉኛል። ሁለት ናቸው ቢሉኝ አላመንሁም። እኔ የሚያስጨንቀኝ የማን አጥንት እንደሆነ ነበር።

ጣልያን ጥሎት የሄደ አንድ የብረት ቆብ ነበረን፤ ቦቄ ውኃ የምትጠጣበት። ከቡችሎቹ ጋር ቁጭ ብዬ ያን ውኃ አያለሁ። ሰማዩ ተገልብጦ እዚያ ውስጥ ይተኛል። አንዳንዴ ከውኃው ግርጌ አንዲት ትንሽ ጥቁር ነገር ቀስ እያለች ትዞራለች፤ ያኔ ቡችሎቹን በቀሚሴ ጠቅልዬ እጮኻለሁ። ቀና ብዬ ግን አላይም። አያ አትዪ ብሎኛል።

እናቴ በኅዳር፣ ጎሕ ሲቀድ ወንድ ልጅ ወለደች። ወንድ ሲወለድ ሰባት ጊዜ እልል ይባላል፤ ጎረቤቶቹ አፋቸውን ሲከፍቱ እማሆይ ከውስጥ ብቅ አሉና "ዝም በሉ! ቡችላ ነው የተወለደ!" ብለው ጮኹባቸው። ሴቶቹ እልልታቸውን ዋጥ አደረጉ። እኔ እውነት መስሎኝ ለማየት ተጋፍቼ ገባሁ። እንደ ሰው ነበር።

በሦስተኛው ቀን እማሆይ ከሁለቱ ቡችሎች ወንዱን አምጪልኝ አሉኝ። ቡችላውን በሕፃኑ ጨርቅ ጠቀለሉት። ሕፃኑን ደግሞ የቦቄ መኝታ የነበረውን ጭድ በእንቅብ ውስጥ አንጥፈው አስተኙት። ከዚያ ቡችላውን እንደያዙ ወደ ጨለማው የቤቱ ጥግ ዞረው፣ ሰው እንደሚያነጋግሩ ሆነው፣ ሦስት ጊዜ እንዲህ አሉ፦ "ዘለቀ ይኸ ነው። ያ ቡችላ ነው።" ዘለቀ የሚለው አያ፣ ይዝለቅልኝ ብሎ፣ ለልጁ ያሰበው ስም ነበር። እማሆይ ቡችላውን ለእናቴ ሰጧት። "በይ ጥሪው" አሏት። እናቴ ቡችላውን አቅፋ "ዘለቀ፣ ዘለቀዬ" አለች፤ እሱም እንባዋን ላሰላት። ጥጉ ውስጥ ማን እንዳለ ለማየት አንገቴን ባሰግግም ማንም አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ሁሉ ነገሩ ተገለበጠ። ጠያቂዎች ሲገቡ "ቡችላው እንዴት አደረ?" ይላሉ፤ ሕፃኑን ማለታቸው ነው። አያ ከእርሻ ሲመለስ "ዘለቀ በላ?" ይለኛል፤ ውሻውን ማለቱ ነው። ማለዳ ማለዳ እማሆይ የሁለቱን ጨርቅ ያለዋውጡታል። ወንድሜ ውሻ ውሻ፣ ዘለቀ ደግሞ ቅቤና ጤና አዳም ይሸት ጀመር። መጀመሪያ ስቄ ነበር። አንድ ቀን ግን በጨለማው ቤት ሕፃኑን ላቅፍ እጄን ሰድጄ ጠጉር ስነካ፣ ከዚያ ወዲያ መሳቁን ተውሁት።

እናቴ ስሙን ለልጇ ማለት ተከልክላለች። መጥራት ሲያምራት "ስንዱ፣ እስቲ ዘለቀን አምጪልኝ" ትለኛለች። ይዤው እገባለሁ። ሕፃኑን እያየች ውሻውን ትዳስሰዋለች፤ "ዘለቀ የኔ ጌታ፣ ዘለቀ ዓለሜ" ትላለች። ቡችላው ጅራቱን ይቆላል። በዚህ ዓይነት ስሙን በሳምንት ውስጥ ለመደው፤ ከየትም ሆኖ ዘለቀ ሲሉት ጆሮውን አንጠልጥሎ ይሮጣል። እናቱ ቦቄም ስሙን ስትሰማ ተከትላው ትነሣለች።

እኔም ወደድሁት። እንዳልወደው ማንም አልነገረኝም። ሌላይቱን ቡችላ አያ ተገኘ ወስዷት ስለነበር ብቻውን ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከቀሚሴ ሥር አይወጣም። ሲተኛ እግሩ በሕልሙ ይሮጣል። አንድ ከሰዓት በኋላ ዘለቀን ጭኔ ላይ አስተኝቼ ከአራስ ቤቱ ግድግዳ ተደግፌ ተቀምጬ ሳለ የእማሆይ ድምፅ በጭቃው ስንጥቅ ወጣ።

"ያ ውሻ ቢሄድ እንዳታዝኚ። የሚወስድ ኸመጣ ስሙን የያዘውን ይውሰድ፤ ለዚያ ነው። አንቺ ብቻ እስካርባው ቀን አፍሽን ያዢ።"

"ባይወስደውስ?" አለች እናቴ።

እማሆይ፦ "ባዶ እጁን የሄደበትን ቤት አላውቅም" አሉ።

ያን ጊዜ ነው ጭንቀት የያዘኝ። አያ ጠብቂው ብሎኛል፤ እኔም ጠብቄዋለሁ፤ ቆርቆሮ እየደበደብሁ፣ እየጮኽሁ፣ እንቅብ እየደፋሁ። ታዲያ ወፉን ካባረርሁት ወዴት ነው የሚሄደው? በየቀኑ ዘለቀን ባዳንሁ ቁጥር ወፉን በገዛ እጄ ወደ አራስ ቤቱ የምሰደው ይመስለኝ ጀመር። ለማንም አልነገርሁም። ምግብ ስተው እናቴ በታናሼ የቀናሁ መሰላት።

እናቴ ቀኑን በክር ላይ እየቋጠረች ትቆጥር ነበር። ሠላሳ ሦስት ቋጠሮ ላይ ወንድሜ ጡት አልጠባ አለ። ገላው እንደ ምድጃ ድንጋይ ነደደ፤ ማልቀሱንም ትቶ እንደ ድመት ያለ ቀጭን ድምፅ ብቻ ያወጣል። አያ ሕፃኑ ሳይጠመቅ እንዳይሞት ብሎ ቄስ ሊጠራ ቁልቁለቱን በሩጫ ወረደ። እማሆይ ከሕፃኑ ራስጌ ሆነው ጸሎት ይደግማሉ። እኔ ወደ ደጅ ወጣሁ።

ወፉ ኮሶው ላይ ነበር።

ያን ቀን ቆርቆሮውን ብደበድበው አልተነሣም። ድንጋይ ብወረውር አልተነሣም። አንገቱን አዙሮ የአራስ ቤታችንን በር ያያል። ቀትር ሆነ። ነፋሱ ቆመ፤ ገመዱ ላይ ያሉት እራፊዎች ቀጥ ብለው ተንጠለጠሉ። ከውስጥ የወንድሜ ድምፅ እየራቀ እየራቀ ሄደ። ይህን ሁሉ ዓመት ሳስበው ወፉ አንድ ወፍ ነው፣ ርቦት ነው የተቀመጠው እላለሁ። ያን ቀን ግን እየጠበቀ ያለው እኔን ነበር።

ድንጋዩን ገፍቼ እንቅቡን አነሣሁት። ዘለቀ እየተንጠራራ ወጣ። አቅፌ ወደ አውድማው ወሰድሁት፤ መሐል ላይ፣ ጥላ በሌለበት። አስቀምጬው ስመለስ ተከትሎኝ መጣ። እንደገና ወሰድሁት፤ እንደገና መጣ። ጨዋታ መስሎት የቀሚሴን ጠርዝ ነከሰ። ሦስተኛ ጊዜ ከኪሴ ዳቦ አውጥቼ አፈረፈርሁለትና እሱን ሲለቅም ሮጥሁ። ወፉ እንዳይሳሳት ስሙን ማወቅ አለበት ብዬ ከጎተራው ሥር ሆኜ በጩኸት ተጣራሁ፦ "ዘለቀ! ዘለቀ! ዘለቀ!"

በሦስተኛው ጥሪ ዳቦውን ትቶ ጅራቱን እየቆላ ወደ እኔ መምጣት ጀመረ። ያን ማየት አልቻልሁም። እንቅቡን በራሴ ላይ ደፋሁትና ውስጡ ተኮማተርሁ። በስፌቱ ቀዳዳ በኩል ብርሃን ነጠብጣብ ሆኖ ይገባል። የእግሩ ኮቴ ሲቀርብ ይሰማኛል። ከዚያ ነጠብጣቡ ብርሃን ሁሉ ባንድ ጊዜ ጠፋና ተመልሶ በራ። ነጠላ የሚያራግፍ ድምፅ ሰማሁ። ጩኸት አልነበረም፤ ጆሮዬን ይዤ ስለነበር ይሆናል።

እንቅቡን ሳነሣ አውድማው ባዶ ነበር፤ ኮሶውም ባዶ ነበር። ቀና ስል እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። አራስ አርባ ቀኗ ሳይሞላ ከደፍ አትወጣም፤ የእናቴ አንድ እግር ግን ደጅ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም። ስሙን ስጮኽ ሰምታ ወጥታ ከሆነ ሁሉን አይታለች፤ ልትከለክለኝም ጊዜ ነበራት። ተያየን። እግሯን ወደ ውስጥ መለሰች።

አያ ከቄሱ ጋር ሲደርስ ፀሐይ ዘንበል ብላለች። ወንድሜ ላብ አጥምቆት፣ ጡት ይዞ እየሳበ ነበር። ቄሱ ጸሎት አድርሰው "ቀኑን ጠብቁ፣ ይደርሳል" ብለው ሄዱ። አያ እፎይ ብሎ ወደ ጎተራው ወጣና ተመለሰ።

"ስንዱ፣ ዘለቀስ?"

ወደ እናቴ መኝታ ተጠጋሁ።

"ጠብቂ አላልሁሽም ነበር?" ድምፁ ከፍ አለ። "እንቅቡን ማነው ያነሣው?"

"እኔ ነኝ" አለች እናቴ ከመኝታዋ።

አያ ወደ እናቴ ተመለከተ። ከዚያ ቤት ለሠላሳ ሦስት ቀን ያልወጣች ሴት ናት። እኔን አየኝ። እማሆይ አማተቡና ወደ ምድጃው ዞሩ። አያ ባርኔጣውን አውልቆ ተቀመጠ፤ ስለዚያ ውሻ ዳግመኛ ሲያነሣ አልሰማሁትም። ያን ማታ እናቴ ከጎኗ አስተኛችኝ። አልመታችኝም፣ አላመሰገነችኝም። ጠጉሬን እየዳሰሰች አብራኝ አለቀሰች።

በአርባው ቀን ወንድሜ ክርስትና ተነሣ። ቀርቶ የነበረው ሰባት እልልታ ያን ቀን ተባለ፤ እማሆይም ጭዱን አቃጥለው ስሙን መለሱለት። ሰው ሁሉ "ዘለቀ፣ ዘለቀ" እያለ ሲያቅፈው እኔ ከጎተራው ሥር ገብቼ ተቀመጥሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ እውነቴን ነው፤ ወንድሜን እወደው ነበር። ደስታዬ ግን እዚያ ቤት ውስጥ መቆም አላስቻለኝም።

በሚቀጥለው አጨዳ ወንድሜ በእግሩ መሄድ ጀመረ። አንድ ቀን በቀትር፣ እኔ ገብስ ሳሰጣ፣ ከደጅ ሲንደፋደፍ እናቴ በሩ ላይ ሆና ተጣራች። "ዘለቀ! ና ግባ፣ ፀሐይ ነው!"

ወንድሜ ዞረ። ከጎተራው ሥር ግን አሮጊቷ ቦቄም ተነሣች። ጆሮዋን አቁማ፣ እያነከሰች፣ በቀጥታ ወደ አውድማው ሄደች፤ መሐሉ ላይ ቆማ ወደ ሰማይ አንጋጠጠች። ጅራቷን ትቆላ ነበር። ወንድሜ በሷ ስቆ፣ በትንሽ እግሩ ተከትሎ ሄደና አጠገቧ ቆሞ እሱም ወደ ሰማይ አንጋጠጠ።

እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ጥላ አልነበረም።

እናቴ ሮጣ ልጇን አነሣችው። ከዚያ ቀን ወዲያ ወንድሜን ከደጅ ስትፈልገው ቡችላ እያለች ነው የምትጠራው፤ ቦቄ ከሞተችም በኋላ።